የጭስ ማውጫ ብሩሽ

የጭስ ማውጫ ብሩሽ በእንጨት ምድጃ፣ በዳቦ ቤት ምድጃ ወይም በሳሎን እሳት ማንደጃ የጭስ ማውጫ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የሚጋገረውን ጥቀርሻ ለመፋቅ የሚያገለግል የጽዳት መሣሪያ ነው። ብሩሹ በረጅም ዘንግ ወይም በገመድ ተይዞ በቱቦው ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዲያልፍ ይደረጋል። ጸጉሮቹ ከብረት ሽቦ ወይም ከፕላስቲክ ይሠራሉ።

ተስማሚው ብሩሽ የሚመረጠው በሦስት ነገሮች ነው፦ በቱቦው የውስጥ ስፋት፣ በቅርፁና በተሠራበት ቁስ። ከሚገባው የጠበበ ብሩሽ ጥቀርሻውን ሳይነካ ያልፋል፤ ከሚገባው የሰፋ ብሩሽ ቱቦው መሃል ላይ ይቀረቀራል፤ ከቱቦው ቁስ ጋር የማይስማማ ብሩሽ ደግሞ ቱቦውን ራሱን ይጎዳል። በኢትዮጵያ ብዙ የምድጃ ቱቦዎች በየአካባቢው ባሉ ብረት ሠራተኞች ከላሜራ እየተጠቀለሉ ስለሚሠሩ ወጥ መጠን የላቸውም። ስለዚህ ብሩሽ ከመግዛት ወይም ከማሠራት በፊት ቱቦውን መለካት የመጀመሪያው ሥራ ነው።

ጥቀርሻና ክሪዮሶት

እንጨት ሙሉ በሙሉ ሲነድ በዋናነት የውሃ ትነትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። እሳቱ አየር ሲያንሰው ወይም እንጨቱ እርጥብ ሲሆን ግን ያልተቃጠሉ ጋዞች፣ የሬንጅ ትነትና ጥቃቅን የካርቦን ብናኞች ከጭሱ ጋር ወደ ላይ ይወጣሉ። ጭሱ በቱቦው ውስጥ እየቀዘቀዘ ከ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ሲወርድ ትነቱ በግድግዳው ላይ ይጠጥራል። የካርቦን ብናኙ ጥቀርሻ ሲባል፣ ከትነቱ የሚፈጠረው ሬንጅ መሰል ነገር ክሪዮሶት ይባላል። ሁለቱም ተቀጣጣይ ናቸው።

ክሪዮሶት በሦስት ደረጃዎች ይታያል። የመጀመሪያው ልል የሆነ ጥቁር ዱቄት ሲሆን ማንኛውም ልኩ የሆነ ብሩሽ ያራግፈዋል። ሁለተኛው የሚያብረቀርቅና እንደ ቅርፊት የሚነሣ ሲሆን ጠንካራ የሽቦ ብሩሽ ይፈልጋል። ሦስተኛው ቀልጦ እንደ ብርጭቆ የተለበጠ ጥቁር ሽፋን ነው፤ እሱን ብሩሽ ብቻውን አያነሣውም። በዚህ ደረጃ ላይ የደረሰ የላሜራ ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ በአዲስ ይተካል፤ በግንብ ማውጫ ላይ ግን ልዩ የኬሚካል ወይም የሚሽከረከር ፍቂያ ያስፈልጋል።

የጥቀርሻው ውፍረት ትንሽ ቢመስልም የሚዘጋው ቦታ ብዙ ነው። የውስጥ ስፋቱ 15 ሴንቲሜትር በሆነ ክብ ቱቦ ዙሪያውን 1 ሴንቲሜትር ጥቀርሻ ቢጋገር ጭሱ የሚያልፍበት ስፋት ወደ 13 ሴንቲሜትር ይወርዳል። ይህም የቱቦውን መተላለፊያ ሩብ ያህል ይቀንሳል። ያው 1 ሴንቲሜትር ጥቀርሻ በ10 ሴንቲሜትር ቱቦ ላይ ሲሆን ከመተላለፊያው 36 ከመቶውን ይወስዳል። በዚህም የተነሣ ጠባብ ቱቦ ከሰፊው ይልቅ ቶሎ ቶሎ መጠረግ አለበት።

የቦታው ከፍታም ድርሻ አለው። ጭስ ወደ ላይ የሚሳበው ትኩሱ አየር በዙሪያው ካለው ቀዝቃዛ አየር ስለሚቀል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ የቱቦው የመሳብ ኃይልም በዚያው መጠን ይቀንሳል። በዝቅተኛ ቦታ ጭሱን እንደምንም የሚያወጣ በከፊል የተዘጋ ቱቦ እዚህ ጭሱን ወደ ቤት ሊመልስ ይችላል።

የጭስ ማውጫ በኢትዮጵያ

በባህላዊው የኢትዮጵያ ቤት የጭስ ማውጫ ቱቦ አልነበረም። እሳቱ በሦስት ጉልቻ መካከል ይነዳል፤ ጭሱ በሣር ክዳኑ እየሰረገ፣ በበርና በግድግዳ ቀዳዳ ይወጣል። ጭሱ የጣሪያውን እንጨትና ሣር ከነፍሳት የመጠበቅ ጥቅም ነበረው፤ ክፍያው ግን የጋጋሪዋ ዓይንና ሳንባ ነበር። የቆርቆሮ ክዳን ከተስፋፋ በኋላ ጭሱ እንደ ሣር ክዳኑ የሚሰርግበት ቦታ ስላጣ፣ ማድ ቤቱን ከመኖሪያው መለየትና ቆርቆሮውን ቀድዶ ቱቦ ማውጣት እየተለመደ መጣ።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በመንግሥት የኢነርጂ ጥናት ማዕከል የተሠራው ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ በዚህ ረገድ ትልቅ ለውጥ ነው። ምርጥ ምድጃ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በቅርጽ ማውጫ የሚሠራ ሲሆን ስድስት ክፍሎች አሉት፦ አራቱ ምጣዱን የሚሸከመውን ክብ የእሳት ቤት ይሠራሉ፤ ሁለቱ ከኋላ ጭሱ የሚወጣበትንና ድስት የሚጣድበትን ክፍል ይሠራሉ። ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶ ፍጆታውን እስከ ግማሽ ያህል እንደሚቀንስ ይታወቃል። ለትምህርት ቤቶችና ለመሰል ተቋማት የሚሆኑ፣ ከፍ ያለ የጭስ ማውጫ ቱቦ ያላቸው ምድጃዎችም በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት (ጂቲዜድ፣ በኋላ ጂአይዜድ) ድጋፍ ተሠራጭተዋል። ከእነዚህ ሌላ በእንጨት የሚሠሩ የዳቦ ቤት የጡብ ምድጃዎች፣ እንዲሁም በአንዳንድ የድሮ ቪላዎችና ሎጆች ያሉ የሳሎን እሳት ማንደጃዎች የጭስ ማውጫ አላቸው። የከሰል ምድጃዎች፣ ላቀች የተባለውን ጨምሮ፣ ቱቦ የላቸውም።

በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ቦሌ አራብሳ የጋራ መኖሪያ ቤቶች (ኮንዶሚኒየም) በብዛት የተገነቡበት ሠፈር ነው። በጋራ መኖሪያ ቤቶች መርሐ ግብር ለነዋሪዎች ልብስ ማጠቢያ፣ ለእርድና ለእንጀራ መጋገሪያ የሚውል የጋራ መገልገያ ሕንፃ (ኮሚናል) በግቢ ውስጥ እንዲኖር ታቅዷል። የፎቆቹ መኖሪያ ክፍሎች የእንጨት ጭስ የሚወጣበት ቱቦ ስለሌላቸው በቤት ውስጥ የሚጋገረው በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። መብራት ሲጠፋ ወይም ለሠርግ፣ ለክርስትናና ለተዝካር ብዙ እንጀራ ሲጋገር እሳት የሚነደው በግቢው የጋራ ቦታ ነው።

የጋራ ማድ ቤት ጭስ ማውጫ ከግል ማድ ቤት የሚለየው በአንድ ጉዳይ ነው፦ ተጠቃሚው ብዙ ነው፣ ጠራጊው ግን ካልተመደበ ማንም አይደለም። እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚጠቀመው ለጥቂት ሰዓት ስለሆነ የቱቦውን መጥበብ የሚያስተውለው ሰው የለም፤ እሳቱ ግን ከአንድ ቤተሰብ ምድጃ ይልቅ ለረጅም ሰዓት ይነዳል። በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ መጠቀሚያዎችን የማስተዳደር ኃላፊነት የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ግቢ ብሩሹን በማኅበሩ ስም መግዛት፣ የቱቦውን ልክ ከብሩሹ ጋር ጽፎ ማስቀመጥና የመጥረጊያውን ቀን አስቀድሞ መወሰን አመቺ አሠራር ነው።

የብሩሹ ክፍሎች

የጭስ ማውጫ ብሩሽ ሦስት ዋና ክፍሎች አሉት።

ራስ፦ መሃሉ የተጠመዘዘ ወፍራም ሽቦ ሲሆን ጸጉሮቹ በጥምዝማዙ መካከል ተይዘው ወደ ውጭ ይበተናሉ። ራሱ ክብ፣ አራት ማዕዘን ወይም ሞላላ ሊሆን ይችላል።

መያዣ፦ በራሱ አንድ ጫፍ ዘንግ የሚታሰርበት ጥርስ ያለው ብሎን ይገኛል። በአንዳንድ ብሩሾች በሌላኛው ጫፍ ገመድ ወይም ክብደት የሚታሰርበት ቀለበት አለ።

ዘንግ ወይም ገመድ፦ ዘንጎች ከፋይበርግላስ፣ ከናይለን ወይም ከሸምበቆ ዓይነት እንጨት ይሠራሉ፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ሜትር ገደማ ርዝመት ኖሯቸው እርስ በርስ ይቀጣጠላሉ። የፋይበርግላስ ዘንግ ጠንካራና ለቀጥተኛ ቱቦ የሚስማማ ሲሆን፣ የናይለን ዘንግ እየተለመጠ መታጠፊያ ያልፋል።

የጸጉር ዓይነቶች

ጠፍጣፋ የብረት ሽቦ፦ ከሁሉም የጠነከረ ነው። በጡብ፣ በድንጋይና በሸክላ ማውጫ ላይ የተጋገረ ጥቀርሻን ለመፋቅ ያገለግላል።

ክብ የብረት ሽቦ፦ ከጠፍጣፋው የለሰለሰ ነው። መካከለኛ ጥቀርሻ ላለበት የግንብ ማውጫና ወፍራም ግድግዳ ላለው የብረት ቱቦ ይሆናል።

የማይዝግ ብረት ሽቦ፦ እንደ ተራው ብረት ስለማይዝግ ረጅም ጊዜ ያገለግላል፤ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው።

ፖሊፕሮፒሊን፦ የፕላስቲክ ዓይነት ሲሆን ለስላሳ ግድግዳ ላላቸው የብረት ቱቦዎችና ልል ለሆነ ጥቀርሻ ተስማሚ ነው። በ160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚቀልጥ ቱቦው ሙሉ በሙሉ ከመቀዝቀዙ በፊት አይገባም።

አመራረጥ

መለካት

የሚለካው የቱቦው የውስጥ ስፋት ነው። ከላይ ያለውን ቆብ አውልቆ ወይም ቱቦውን ከምድጃው ነቅሎ ከአንድ የውስጥ ጠርዝ እስከ ተቃራኒው ጠርዝ በሜትር መለካት በቂ ነው። በእጅ የተጠቀለለ ላሜራ ፍጹም ክብ ላይሆን ስለሚችል በሁለት አቅጣጫ መለካትና ትንሹን ልክ መያዝ ይሻላል። ጥቀርሻው ወፍራም ከሆነ ልኩ የሚወሰደው በአንድ ቦታ ላይ ጥቀርሻው እስከ ብረቱ ከተፋቀ በኋላ ነው፤ አለበለዚያ ብሩሹ ለተዘጋው ቀዳዳ እንጂ ለቱቦው ልክ አይሆንም።

ጫፉ ላይ መድረስ ካልተቻለ የላሜራ ቱቦ በሲባጎ ሊለካ ይችላል። ሲባጎውን በቱቦው ዙሪያ ጠቅልሎ የተገኘውን ርዝመት ለ3.14 ማካፈል የውጭ ስፋቱን ይሰጣል። ለምሳሌ ዙሪያው 47 ሴንቲሜትር የሆነ ቱቦ 15 ሴንቲሜትር ገደማ ስፋት አለው። የላሜራው ውፍረት ከአንድ ሚሊሜትር ብዙም ስለማይበልጥ ልዩነቱ ለብሩሽ መረጣ አያውክም። ይህ ዘዴ ግድግዳው ወፍራም ለሆነ የግንብ ማውጫ አይሠራም።

ብሩሹ ከቱቦው የውስጥ ስፋት ጋር እኩል መሆን አለበት። የፕላስቲክ ብሩሽ ስለሚለመጥ በትንሹ ቢሰፋም ያልፋል። ጠንካራ የሽቦ ብሩሽ ግን ሰፍቶ ከተገኘ በግድ ማስገባት አይገባም፤ ሽቦውን ዙሪያውን እኩል ከርክሞ ልክ ማድረግ ይቻላል። በተቃራኒው የጠበበን ብሩሽ የሚያሰፋ መንገድ ስለሌለ፣ በሁለት መጠኖች መካከል የወደቀ ቱቦ ያለው ሰው ከፍ ያለውን ወስዶ ይከረክማል።

ቅርፅ

ክብ ቱቦ ክብ ብሩሽ፣ አራት ማዕዘን የግንብ ማውጫ ደግሞ አራት ማዕዘን ብሩሽ ይፈልጋል። ክብ ብሩሽ በአራት ማዕዘን ማውጫ ውስጥ ሲያልፍ አራቱን ጥጎች አይነካም፤ ጭሱ ቀስ ብሎ የሚያልፍበትና ጥቀርሻ በብዛት የሚከማችበት ቦታ ደግሞ ጥጉ ነው። አራት ማዕዘን ብሩሽ ካልተገኘ በትንሽ የእጅ ሽቦ ብሩሽ ጥጎቹን ለብቻ መፋቅ ያስፈልጋል።

የቱቦው ቁስ

• ጡብ፣ ድንጋይ ወይም ሸክላ፦ ጠፍጣፋ ወይም ክብ የብረት ሽቦ። በጡቦቹ መካከል ያለው ማያያዣ የተፈረፈረ ከሆነ ለስላሳውን መምረጥና ግንቡን አስቀድሞ ማስጠገን ይገባል።
• የማይዝግ ብረት ቱቦ፦ ፖሊፕሮፒሊን ወይም የማይዝግ ብረት ሽቦ። ተራ የብረት ሽቦ ግድግዳውን ከመጫሩም በላይ ትቶት የሚሄደው የብረት ብናኝ ዝገት ይጀምራል።
• ቀጭን ላሜራ፦ ፖሊፕሮፒሊን ወይም ለስላሳ ክብ ሽቦ። ጠንካራ ሽቦ ዝገቱንና ጥቀርሻውን አብሮ ስለሚያነሣ የሳሳውን ላሜራ ሊበሳ ይችላል።
• የዚንክ ሽፋን ያለው (ጋልቫናይዝድ) ቆርቆሮ፦ ፖሊፕሮፒሊን። ሽፋኑ ከተጫረ ቆርቆሮው ቶሎ ይዝጋል። ዚንክ በ419 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚቀልጥ በመሆኑ እንዲህ ያለ ቱቦ ለእሳት ቤቱ ቅርብ ለሆነው ክፍል አይመከርም።
• የምርጥ ምድጃ የሲሚንቶ ክፍሎች፦ አጭር እጀታ ያለው ለስላሳ ብሩሽ። ክፍሎቹ ተነቃቃይ ስለሆኑ ለያይቶ መጥረግ ይቻላል፤ ጠንካራ ሽቦ የሲሚንቶውን ጠርዝ እያፈረፈረ በመጋጠሚያው በኩል ጭስ እንዲያፈተልክ ያደርጋል።

ርዝመትና መታጠፊያ

የዘንጎቹ ጠቅላላ ርዝመት ከቱቦው ርዝመት ግማሽ ሜትር ያህል መብለጥ አለበት። ምክንያቱም ጠንካራ የሽቦ ብሩሽ ወደ ፊት ሲገፋ ጸጉሮቹ ወደ ኋላ ይተኛሉ፤ ቱቦው መሃል ላይ አቅጣጫውን ለመለወጥ ሲሞከር ጸጉሮቹ እንደ መንጠቆ ግድግዳውን ይይዛሉ። ብሩሹ በሌላኛው ጫፍ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ መመለስ ይኖርበታል። መታጠፊያ ያለው ቱቦ በሚለመጥ ዘንግና በፕላስቲክ ብሩሽ ይጠረጋል፤ መታጠፊያው 90 ዲግሪ ከሆነ ግን ቱቦውን በዚያ ቦታ ነቅሎ ሁለቱን ክፍሎች ለየብቻ መጥረግ ይቀላል።

በአገር ውስጥ የሚሠሩ ብሩሾች

ክብ የጭስ ማውጫ ብሩሽ በየሕንፃ መሣሪያ መደብሩ በቀላሉ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። በመደብር የሚገኘው የእንጨት እጀታ ያለው ጠፍጣፋ የሽቦ ብሩሽ ለቀለም ቀቢና ለበያጅ የተሠራ ነው፤ የቱቦውን አንድ ጎን ብቻ ስለሚነካና እጅ ከሚደርስበት ርቀት ስለማያልፍ ለአፉ አካባቢና ለነጠላ ቁራጭ ቱቦ ብቻ ይጠቅማል።

ቱቦውን የሠራው ብረት ሠራተኛ ብሩሹንም በልኩ ሊሠራው ይችላል። በመርካቶ ምናለሽ ተራ እንደሚታየው፣ ያገለገለ ብረትና ሽቦ ወደ አዲስ ዕቃ የሚለውጡ ባለሙያዎች በከተማው አሉ። ለዚህ ሥራ የሚሆነው በሁለት ወፍራም ሽቦዎች መካከል ቀጫጭን የብረት ሽቦዎችን አስተኝቶ ጫፎቹን በመጠምዘዝ ራሱን ማውጣት፣ ከዚያም ዙሪያውን በቱቦው ልክ መከርከም ነው። ባለሙያው ቀድሞ ማወቅ ያለበት የቱቦውን የውስጥ ስፋት፣ ርዝመቱንና የላሜራውን ሁኔታ ነው። ራሱ ከዘንጉ እንዳይላቀቅ መያዣው መበየድ ወይም በብሎን መታሰር አለበት፤ በሽቦ ብቻ የታሰረ ራስ ቱቦው ውስጥ ሊቀር ይችላል።

ብሩሽ በማይኖርበት ጊዜ የሚደረጉ ሁለት ልማዶች ጉዳት አላቸው። አንደኛው ድንጋይ በገመድ አስሮ በቱቦው ውስጥ ማውረድ ነው፤ ድንጋዩ ጥቀርሻውን በከፊል ቢያወርድም ላሜራውን ያጎድጉዳል፣ መጋጠሚያውን ያላቅቃል። ሁለተኛው ኃይለኛ እሳት አንድዶ ጥቀርሻውን በቱቦው ውስጥ ለማቃጠል መሞከር ነው። የተቀጣጠለ ክሪዮሶት 1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ የሚችል ሙቀት ይፈጥራል። ይህ ሙቀት ቱቦው በሚያልፍበት ጣሪያ ላይ ያለውን እንጨትና ኮርኒስ ለማቀጣጠል ከበቂ በላይ ነው።

አጠቃቀም

ጽዳቱ የሚጀመረው እሳቱ ከጠፋ ቢያንስ ከአንድ ሙሉ ሌሊት በኋላ፣ ቱቦው በእጅ ሲነካ ቀዝቃዛ ሲሆን ነው። በአመድ ሥር የተዳፈነ ፍም እስከ ማግሥቱ ሊቆይ ስለሚችል አመዱ አስቀድሞ ተዝቆ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ ይደረጋል።

1. የምድጃው አፍ በእርጥብ ጆንያ ወይም በላስቲክ ይሸፈናል፤ በክፍሉ ያለው ምግብ፣ ሊጥና ዕቃ ይወጣል።
2. ጠራጊው አፍና አፍንጫውን በማስክ፣ ዓይኑን በመነጽር፣ እጁን በጓንት ይሸፍናል።
3. ከተቻለ ቱቦው ከምድጃው ተነቅሎ ወደ ውጭ ወጥቶ ይጠረጋል። ይህ ጣሪያ ላይ መውጣትን ስለሚያስቀር ለአጭር የላሜራ ቱቦ የተመረጠ መንገድ ነው።
4. የማይነቀል ቱቦ ከታች ወደ ላይ በዘንግ ይጠረጋል። ዘንጎቹ ወደሚጠብቁበት አቅጣጫ፣ በተለመደው ጥርስ ወደ ቀኝ፣ ብቻ እየተዞሩ ይገፋሉ፤ ወደ ግራ የዞረ ዘንግ ይፈታና ብሩሹን ቱቦው ውስጥ ጥሎት ይመለሳል።
5. ብሩሹ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ ቱቦው በባትሪ መብራት ይታያል። ግድግዳው ከታየና የሚረግፍ ነገር ከሌለ ጽዳቱ አልቋል።
6. ቆቡና በቆቡ ሥር ያለው ወንፊት ለብቻ ይጠረጋሉ፤ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚደፈነው ይህ ቦታ ነው።
7. መጋጠሚያዎቹ ተመልሰው ከተጠበቁ በኋላ በትንሽ ደረቅ ጭራሮ እሳት ጭሱ በደንብ መሳቡ ይፈተሻል።

ጣሪያ ላይ መውጣት የግድ ከሆነ የቆርቆሮው ምስማር በተመታበት መስመር፣ ማለትም ከሥሩ እንጨት ባለበት ብቻ ይረገጣል። በዝናብና በነፋስ፣ እንዲሁም የኤሌክትሪክ ሽቦ በቅርብ በሚያልፍበት ጣሪያ ላይ የብረት ዘንግ ይዞ መሥራት አደገኛ ነው።

የመጥረጊያ ጊዜ

በብዙ አገሮች ተቀባይነት ያገኘው መመሪያ የጭስ ማውጫ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲመረመርና ጥቀርሻው 3 ሚሊሜትር ገደማ ሲደርስ እንዲጠረግ ይላል። ይህ መመሪያ በብርድ ወራት ብቻ የሚነድ የቤት ማሞቂያን ታሳቢ ያደረገ ነው። ዓመቱን ሙሉ ለሚጋገርበት ምድጃ ዓመት መጠበቅ ስለማይበቃ ውፍረቱን በየወሩ ማየትና በዚያ መወሰን ይሻላል።

የጥቀርሻው መጠን ከእንጨቱ ዓይነት ይልቅ በድርቀቱ ይወሰናል። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል፤ በደንብ የደረቀ ማገዶ ግን ከ20 ከመቶ ያነሰ ውሃ ይይዛል። በአዲስ አበባ ዋናው ማገዶ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ከእንጦጦና ከዙሪያው ኮረብታዎች የሚመጣው ቅጠልና ጭራሮ በበጋ ደረቅ ሲሆን በክረምት እርጥበት ይይዛል። በዚህ ምክንያት ሁለት የመጥረጊያ ጊዜያት ተስማሚ ናቸው፦ አንደኛው ክረምቱ ከመግባቱ በፊት በግንቦት መጨረሻ፣ ሁለተኛው ዝናቡ ሲያበቃ በመስከረም። ብዙ የሚጋገርባቸው የገናና የትንሣኤ በዓላት ከመድረሳቸው በፊትም ቱቦውን ማየት ይጠቅማል።

ቱቦው ጽዳት እንደሚፈልግ የሚያሳዩ ምልክቶች አሉ። እሳቱ ሲለኮስ ጭሱ በምድጃው አፍ ይመለሳል፤ እንጨቱ እየጨሰ በቀላሉ አይያያዝም፤ ከመጋጠሚያዎቹ ጥቁር ፈሳሽ ይንጠባጠባል፤ ቱቦው በጣት ሲመታ የተደፈነ ድምፅ ይሰጣል።

ጤና

የተዘጋ ቱቦ የሚመልሰው ጭስ ዓይን ከማቃጠሉና ከማሳሉ ሌላ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ቀለምና ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ይይዛል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ የመመረዝ ምልክቶች ናቸው። ምልክቱ የታየበት ሰው ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር ወጥቶ ሕክምና ማግኘት አለበት። የሚታየው ጭስ ከቀነሰ በኋላም ፍሙ ይህን ጋዝ ማውጣቱን ይቀጥላል፤ ስለዚህ ጭስ አለመታየቱ ለደኅንነት ማረጋገጫ አይሆንም። ቱቦ የሌለው የከሰል ምድጃ በተዘጋ የኮንዶሚኒየም ክፍል ውስጥ አደገኛ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጥቀርሻው ራሱም ጎጂ ነው። እ.ኤ.አ. በ1775 እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት የጭስ ማውጫ ጠራጊዎችን በብዛት ያጠቃ የነበረውን የወንዶች የቆለጥ ከረጢት ቆዳ ካንሰር ከጥቀርሻ ጋር አያይዞ ገለጸ። ይህ በሥራ ምክንያት ስለሚመጣ ካንሰር ከቀረቡት የመጀመሪያዎቹ ማስረጃዎች አንዱ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በጠራጊዎች ሥራ የሚያጋጥመውን ጥቀርሻ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ነገሮች ምድብ ውስጥ አስቀምጦታል። ስለዚህ ጽዳቱ ሲያበቃ ገላን በሳሙና መታጠብና የሥራውን ልብስ ለብቻ ማጠብ ያስፈልጋል።

ታሪክ

በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ ጠባብና ጠማማ የግንብ ማውጫዎችን የሚጠርጉት በአብዛኛው ትንንሽ ልጆች ነበሩ። ልጆቹ በማውጫው ውስጥ በጉልበታቸውና በክርናቸው እየተንፏቀቁ ወጥተው ጥቀርሻውን ይፍቁ ነበር፤ ብዙዎቹም ውስጥ ተቀርቅረው ወይም ታፍነው ሞተዋል።

እ.ኤ.አ. በ1803 ጆርጅ ስማርት እየተቀጣጠሉ በሚረዝሙ ባዶ ዘንጎች የሚገፋ ብሩሽ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1828 ደግሞ የብሪስቶሉ ጆሴፍ ግላስ በሚለመጡ ዘንጎች የሚሠራ ብሩሽ አቀረበ፤ ዛሬ በእጅ የሚሠራው ብሩሽ በመሠረቱ ከዚያ አልተለየም። ይሁን እንጂ መሣሪያው መገኘቱ ብቻውን ልማዱን አላስቀረም። እ.ኤ.አ. ከ1788 ጀምሮ የወጡት ሕጎች በተግባር ሳይውሉ ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ1875 የ11 ዓመቱ ጆርጅ ብሩስተር በካምብሪጅ አቅራቢያ በጭስ ማውጫ ውስጥ ተቀርቅሮ ሞተ፤ አሠሪውም በሰው መግደል ተፈረደበት። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ጠራጊዎች ከፖሊስ ፈቃድ እንዲያወጡ በማስገደድ ልጆችን ወደ ማውጫ ማስገባትን አስቆመ። ከመጀመሪያው ብሩሽ እስከዚያ ድረስ ከ70 ዓመት በላይ አልፎ ነበር።

ደግሞ ይዩ

• ምርጥ ምድጃ
• ምጣድ
• ማገዶ
• ባሕር ዛፍ
• ካርቦን ሞኖክሳይድ
• ቦሌ አራብሳ